ሐኪም ወደ ቤት ሲመጣ፤ ከወጌሻ እስከ ስልክ ቀጠሮ



በሰፈራችን ወጣቶች የተጀመረ አንድ ሥራ እንዳለ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ይኸውም የታመመ ሰው ከአልጋው ሳይነሳ፣ በእጅ ስልክ አማካይነት ሐኪም ወይም ነርስ ወደ ቤቱ እንዲመጣለት ቀጠሮ የሚይዝበትን፣ እነሱ «አፕ» የሚሉትንና በጽሑፍ ቋንቋ «መተግበሪያ» የተባለውን ነገር ማዘጋጀት ነው። ጉዳዩ በመጪው ጠቅላላ ጉባዔ ለውይይት ይቀርባል ተብሏል። ከወዲሁ ግን አስተያየቱ ለሁለት ተከፍሏል። አንዳንዱ «ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ይሄ የስልክ ጨዋታ ለምናችን ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ስልክ እስካለ ድረስ ሁሉ ነገር ቀላል ነው» ይላል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች ታሪኩን ቢመለከቱት ይበጃል ብዬ ስለማምን፣ የሕክምና ባለሙያ ወደ በሽተኛው ቤት የመሄዱ ልማድ በአገራችን ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ ባጭሩ አቀርባለሁ። ከዚያም ታሪኩ ለዚህ ሥራ ምን እንደሚያስተምረን እጠቁማለሁ።

1. በሽተኛ ከቤቱ የማይወጣበት ዘመን

እንደሚታወቀው አባቶቻችንና እናቶቻችን ሲታመሙ አዋቂው ነበር ወደ እነሱ የሚመጣው። እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ቢኖር ወጌሻ ይጠራል፤ ወጌሻውም መጥቶ አጥንቱን ያቃናል፣ ያስራል፣ ከቀናት በኋላም ተመልሶ ያያል። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር የልምድ አዋላጇ በእኩለ ሌሊትም ቢሆን ትቀሰቀሳለች። ዋግምት የሚያግመውም፣ ሥር ምሶ ቅጠል በጥሶ መድኃኒት የሚቀምመውም እንዲሁ በየቤቱ እየዞረ ነው የሚሠራው።

በዚህ አሠራር ውስጥ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ባለሙያውን የሚጠራው መልእክተኛ ቤቱን የሚያውቅ የጎረቤት ልጅ ስለሆነ አድራሻ መፈለግ የለም። ሁለተኛ፣ ባለሙያው በሠፈሩ የታወቀ ሰው ስለሆነ ማንነቱ አያጠራጥርም። ሦስተኛ፣ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚከፈለው ሰውየው ከዳነ በኋላ ነው።

ይህን ስል የድሮው ሁሉ ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም። ባልጸዳ ምላጭ እንጥሉን ተቆርጦ ደም ፈሶት የሞተው ሕፃን፣ ሦስት ቀን አምጣ በቤቷ የቀረችው እናት ቁጥራቸው አይታወቅም። ባለሙያው ወደ ቤት መምጣቱ ብቻ አያድንም፤ የሚመጣው ማን ነው፣ ምንስ ያውቃል የሚለው ጥያቄ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ነው።

2. የሐኪም ቤት መቋቋም

ዘመናዊ ሕክምና በመዲናችን ሥር መስደድ የጀመረው ከዓድዋ ድል በኋላ ነው። በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን አዲስ አበባ ደርሶ ቁስለኞችን አከመ፤ የሩሲያ ሐኪሞችም ለዓመታት ቆይተው ሕዝቡን አገልግለዋል። ቀጥሎም በ1900ዎቹ መጀመሪያ በንጉሠ ነገሥቱ ስም የተጠራው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ኋላም ራስ ተፈሪ ቤተ ሳይዳ ሆስፒታልን አቋቋሙ፤ ይህ ዛሬ የካቲት 12 የምንለው ነው።

ስለ ሐኪም ሲነሳ ሐኪም ወርቅነህ እሸቱን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ መኮንኖች ያገኟቸው ሕፃን ናቸው፤ ወደ ህንድ ተወስደው በዚያው አደጉ፣ በላሆር ከተማም የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። በኋላ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዘመዶቻቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም እሳቸው ናቸው።

ሆስፒታል ሲከፈት ታዲያ መንገዱ ተገለበጠ። ድሮ አዋቂው ወደ በሽተኛው ይሄድ ነበር፤ አሁን በሽተኛው ወደ አዋቂው መሄድ ጀመረ። «ሐኪም ቤት» የሚለው ቃላችን ራሱ ይህንኑ ይናገራል፤ የሐኪሙ ቤት ማለት ነውና። ምክንያቱ የሒሳብ ጉዳይ ነው። አንድ ሐኪም በበቅሎ ግማሽ ቀን ተጉዞ አንድ ሰው አክሞ ቢመለስ፣ በደጃፉ የተሰለፈው ሕዝብ ሳይታይ ይውላል። መድኃኒቱም፣ የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛም፣ ኋላ የመጣው የራጅ መሣሪያም በአንድ ቦታ የተተከለ ነው። ስለሆነም ሐኪም ወደ ቤት መጥራት ለቤተ መንግሥትና ለባለጸጋ ብቻ የሚሆን ነገር ሆነ። ለቀረው ሕዝብ ቃሬዛ ነበረው። በብዙ የገጠር አካባቢ ጎረቤት ተሰባስቦ በሽተኛውን በቃሬዛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ያደርሳል፤ ዛሬም ይህ ልማድ ያልቀረበት ቦታ አለ።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የሆነ ነገር አይደለም። በአሜሪካን አገር በፈረንጆች 1930 ገደማ ሐኪምና በሽተኛ ከሚገናኙባቸው ጊዜያት 40 በመቶ ያህሉ በበሽተኛው ቤት ነበር። በ1980 ግን ይህ ከ1 በመቶ በታች ወርዷል። አውቶሞቢል ሲበዛ፣ መሣሪያው ሁሉ በሆስፒታል ሲከማች፣ ሐኪሙ ቤት ለቤት መዞሩን ተወው።

3. የኅዳር በሽታ

በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. በዓለም የተዛመተው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገባ። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት ይህ ነው። በዋና ከተማው ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ለጥቂት ነው የዳኑት። እስከ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰብን የምናጨሰው የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ነው።

በዚያ ጊዜ የነበረውን እናስብ። በአንድ ቤት ያለው ሁሉ ባንድ ላይ ሲተኛ ማን ማንን ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደርሳል? ውኃ የሚያቀብል የጠፋበት ቤት ብዙ ነበር፤ ቀባሪም ጠፍቶ ነበር። ስለ ዕድር አመሠራረት ጸሐፊዎች የተለያየ ነገር ይላሉ፤ በከተማ በሰፊው የተስፋፋው ግን በተለይ ከጣሊያን ወረራ በኋላ እንደሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። መነሻው የትም ይሁን የት፣ ዕድር የሚያስፈልገው ሰው ለብቻው ሊወጣው የማይችለው ቀን ስለሚመጣበት ነው። ያ ቀን ደግሞ የሞት ቀን ብቻ አይደለም።

4. ከጎንደር ኮሌጅ እስከ ፈንጣጣ ዘመቻ

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲቃረብ ተመሠረተ። ከነፃነት በኋላ ደግሞ በ1940 ዓ.ም. ገደማ የሕዝብ ጤና ጥበቃ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ሆነ። ለቤት ለቤት ሕክምና ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ነው። በዚያ የሚሠለጥኑት ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የጤና አጠባበቅ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ሦስቱ በአንድነት እንደ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ። ነርሷ እርጉዝና አራስ በየቤቱ እየዞረች ታያለች፤ የጤና አጠባበቁ ሰው ምንጩንና መጸዳጃውን ይመለከታል። ሐሳቡ በሽታን ከነምንጩ ቤት ድረስ ሄዶ መያዝ ነው።

ይህ ሐሳብ ፍሬ ያፈራበት ታላቅ ሥራ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ነው። በአገራችን ዘመቻው የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆች 1971 ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ በሽተኞች ተመዝግበዋል። ሠራተኞቹ በእግር፣ በበቅሎ፣ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር እየተጓዙ በየመንደሩና በየቤቱ በሽተኛ ፈለጉ። በእጃቸው የፈንጣጣ በሽተኛ ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ ይይዙና «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ማንበብ የማይችለው እረኛም፣ ባልቴቷም ሥዕሉን አይተው «እዚያ ማዶ አለ» ይላሉ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የተገኘው ነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። በዓለም የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ ሰው በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ መርካ ከተማ ተገኘ፤ በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ።

እንግዲህ ፈንጣጣን ክትባቱ ብቻ አላጠፋውም፤ በየትኛው ቤት በሽተኛ እንዳለ ማወቁም ጭምር ነው። ይህንንም የሚያውቀው ጎረቤት ነው። የጠየቀውም ሰው ሕዝቡ በሚገባው መንገድ፣ በሥዕል ጠየቀ። ወጣቶቻችን ይህችን ነገር ቢይዟት መልካም ነው።

5. ዕድርና የአልጋ ቁራኛ

«ዕድር ለቀብር ብቻ ነው» ለሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አንድ ላስታውስ። በአገራችን የኤድስ ሕሙማን መታወቅ የጀመሩት በ1978 ዓ.ም. ነው። በ1990ዎቹ ነገሩ ሲብስ የሆስፒታል አልጋ አልበቃ አለ። በሽተኛው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ በቤቱም ብዙ ጊዜ የሚያገላብጠው አልነበረም። ዕድሮች ደግሞ በአንድ ሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ድንኳን መትከል ያዙ፤ ገንዘብ ቤቱም ተራቆተ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሻሉ። ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች ጋር ሆነው በጎ ፈቃደኞችን አስተምረው ወደ በሽተኛው ቤት ላኩ፤ በሽተኛን ማጠብ፣ መመገብ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ ማስዋጥ፣ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ደብተር መግዛት ያዙ። መድኃኒቱ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ብዙ ሰው ከአልጋው ተነሳ። መድኃኒቱ እስኪመጣ ድረስ በሽተኛውን በሕይወት ያቆየው ግን የጎረቤት እጅ ነበር። እና ይሄ ነገር ለዕድር አዲስ አይደለም።

6. ቤት አንኳኪዎቹ ሴቶች

በ1995 ዓ.ም. መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች ለአንድ ዓመት እየሠለጠኑ፣ ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። በጤና ፓኬጆች ቤተሰቡን ያስተምራሉ፤ ሕፃናትን ያስከትባሉ፣ እርጉዞችን ይከታተላሉ። ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ። ቆየት ብሎም በከተማ ነርሶች ተመድበው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ፤ በእኛም ከተማ የቤተሰብ ጤና ቡድን የሚባል ተቋቁሞ ድኻ ቤተሰቦችንና የአልጋ ቁራኞችን በየቤታቸው ያያል።

ከዚህ ፕሮግራም እኔን በተለይ ደስ የሚያሰኘኝ የቤተሰብ ማኅደሩ ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማኅደር ይከፈታል፤ በውስጡም የእናት፣ የአባት፣ የልጆች ጉዳይ በአንድነት ይቀመጣል። ወረቀቱም ቀስ በቀስ ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። መዝገብ ቤት ለሠራ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ማኅደር የሌለው በሽተኛ ሁልጊዜ አዲስ በሽተኛ ነው፤ ትናንት የተሰጠው መድኃኒት ምን እንደነበረ ማንም አያውቅለትም።

7. የስልክ ነገር

ስልክ በአገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የእጅ ስልክ ግን በ1991 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የባለሥልጣንና የነጋዴ ዕቃ ነበር፤ ዛሬ የሊስትሮው ልጅም ይዞታል። በዚሁ ስልክ ምክንያት አምቡላንስ መጥራት ተለመደ። ቀይ መስቀል በ907፣ የከተማው እሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት በ939 ይጠራል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ አቶ ክብረት አበበ የተባሉ የሰመመን ባለሙያ ነርስ መኖሪያ ቤታቸውን ሸጠው ያገለገሉ አምቡላንሶች በመግዛት ጠብታ አምቡላንስን አቋቋሙ። ሰው ቤቱን ሸጦ መኪና ገዝቶ «ጥሩኝና ልምጣ» ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያየው ነገር ቢኖር ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና በሽተኛ በአገራችን ተገኘ። 8335 የሚለው ቁጥር ያን ጊዜ በሁሉ ቤት ታወቀ። በበሽታው የተያዘው ሰው ሲበዛ፣ ሕመሙ ያልጠናበት በቤቱ ተለይቶ እንዲታከምና ባለሙያዎች በስልክ እንዲከታተሉት ተደረገ። እንደ ኅዳር በሽታው ሁሉ ሐኪም ቤቱ አልበቃም፤ በኮሮናው ጊዜ ግን በሽተኛው ከሐኪሙ ጋር በስልክ ሊነጋገር ቻለ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣና ገንዘብም በስልክ መክፈል ተስፋፋ። ዛሬ በከተማችን ሐኪም ወይም ነርስ በስልክ ጠርቶ በቤት መታከም ለከፈለ ሰው የሚገኝ አገልግሎት ነው። የወጣቶቻችን ሐሳብ ታዲያ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን፣ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ነው ማለት ይቻላል።

8. መተግበሪያው ምን ማሟላት አለበት?

እኔ የስልኩን የውስጥ አሠራር አላውቅም፤ እሱን ለልጆቹ እተዋለሁ። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ስለሠራሁ፣ ቀጠሮ የሚበላሸው የት የት ላይ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ የሚከተሉትን ነጥቦች ለውይይት አቀርባለሁ።

ሀ. ድንገተኛውን መለየት። ከሁሉ በፊት መተግበሪያው ጥቂት ጥያቄ ይጠይቅ። ሰውየው ራሱን ስቷል? ደረቱን እየወጋው ትንፋሽ አጥሮታል? ደም እየፈሰሰው ነው? ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል? ምጥ ነው? ከእነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፤ ስልኩ ወዲያው የአምቡላንስ ቁጥር ያሳይ። ለነገ ጠዋት በተያዘ ቀጠሮ ዛሬ ማታ ሰው እንዳይሞት።

ለ. የስም ነገር። በካርድ ክፍል ትልቁ መከራ ስም ነው። ፀሐይ የሚለውን አንድ ስም በፀ ወይም በጸ፣ ቀጥሎ በሐ፣ በሀ ወይም በኀ ብንጽፈው በትንሹ ስድስት ዓይነት ይሆናል። ኃይሉ፣ ዓለሙ፣ ሠናይትም እንዲሁ ናቸው። አንዱ ጸሐፊ በአንዱ ፊደል መዝግቦ፣ ሌላው በሌላው ሲፈልግ ካርዱ ጠፋ ይባልና አዲስ ይከፈታል፤ የስኳሩና የደም ግፊቱ ታሪክ በአሮጌው ካርድ ይቀራል። ስለዚህ መተግበሪያው ሲፈልግ እነዚህን ሞክሼ ፊደላት እንደ አንድ ይቁጠራቸው። የአያት ስምና የስልክ ቁጥርም ይጨመር፤ በአንድ ሰፈር ስንት አበበ ከበደ አለ! ልደታቸውን በውል የማያውቁ አረጋውያን ደግሞ ስላሉ «ዕድሜ በግምት» የሚል ቦታ ይኑር።

ሐ. የሰዓትና የቀን ነገር። ከውጭ አገር የመጣው አሠራር ሰዓትን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል። በስልኩ ላይ 9:00 ተብሎ ቢጻፍ፣ ነርሷ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ትመጣለች። እናትየው ግን ከቀኑ 9 ሰዓት መስሏቸው ቁርሳቸውን ይበላሉ፤ ሳይበሉ መቅዳት የነበረበት የስኳር ምርመራም ይበላሻል። በር ልትከፍት የነበረችው ልጃቸውም ወደ ሥራዋ ሄዳለች። ስለዚህ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ በቃል ይጻፍ። ቀኑም በእኛ አቆጣጠር ይሁን፤ ጳጉሜንም እንዳትረሳ።

መ. የአድራሻ ነገር። የእኛ ሰፈር በመንገድ ስም አይታወቅም። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር፣ ውሻ አለ» ነው አድራሻችን። ስልኩ በካርታ ቦታውን ቢያሳይም፣ ቅያሱ ውስጥ ሲገቡ ካርታው ይወናበዳል። ስለዚህ ምልክቱ በጽሑፍ ይግባ፤ ወጥቶ የሚቀበል ሰው ስልክም ይመዝገብ። በዚህ ረገድ ከካርታው የሚበልጥ ሰው አለን፤ እሱም የዕድራችን ጥሩንባ ነፊ ነው። እያንዳንዱን ቤት በጨለማ ያውቀዋል። ልጆቹ ከእሱ ጋር አንድ ሳምንት ቢዞሩ መዝገባቸው ይሞላል።

ሠ. ዘመናዊ ስልክ ለሌለው። ሐኪም ወደ ቤት እንዲመጣለት ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ስልኩን ሊጠቀም የማይችለው ሰው ነው። የ80 ዓመት ባልቴት መተግበሪያ ክፈቺ ቢሏት ምን ታደርጋለች? የታክሲ ጥሪ የጀመሩት ሰዎች ይህን ቀድመው አውቀውታል፤ «ራይድ» በመተግበሪያም ይጠራል፣ በአጭር ቁጥር ተደውሎም ይጠራል። የእኛም እንደዚያው ይሁን። ደውሎ መናገር የሚበቃበት፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ስለ በሽተኛው ቀጠሮ መያዝ የሚችልበት መንገድ ይኑር። ለማያነቡም እንደ ፈንጣጣው ካርድ ሥዕል ይደረግ። መብራትና ኔትዎርክ በጠፋ ቀን ደግሞ የወረቀት መዝገብ አይጠላም።

ረ. የሚመጣው ማን ነው? በየሰፈሩ መርፌ እየያዘ የሚዞር፣ ያልተማረ መርፌ ወጊ ስንቱን እንደጎዳ ታውቃላችሁ። መተግበሪያው የሙያ ፈቃዱ ያልተረጋገጠ ሰው አይመዝግብ፤ የሚመጣው ባለሙያ ስምና ፎቶግራፍም ለቤተሰቡ አስቀድሞ ይታይ። በሌላ በኩል ነርሷም የሰው ልጅ ናት። በማታ ወደማታውቀው ግቢ ስትገባ የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋታል። ጥበቃው ለሁለቱም ወገን ይሁን።

ሰ. ዋጋና ምሥጢር። ዋጋው ባለሙያው ከመነሳቱ በፊት ይታወቅ፤ ወጌሻው እንኳ ያደርገው የነበረ ነገር ነው። ምሥጢርን በተመለከተ ደግሞ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደተባለው ሁሉ፣ ሰው በሽታውን የሚደብቀው ወሬ ፈርቶ ነው። የዕድሩ ኮሚቴ አባል ማን በምን እንደታመመ ማየት የለበትም። ለዕድሩ ማወቅ የሚበቃው አገልግሎቱን ስንት ሰው እንዳገኘ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠነቀቅ ያዛል፤ የጤና ጉዳይ ከዚያ ሁሉ ይብሳል።

9. ስለ ዕድራችን

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዕድራችን ንብረት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ሳህን ነው። መዋጮአችን ከየቤታችን የተጠራቀመ የድኻ ገንዘብ ነው። «ለቀብር የተቀመጠው ገንዘብ በሕክምና አልቆ፣ እኔ ስሞት በምን ትቀብሩኛላችሁ?» የሚሉ አዛውንቶች ሥጋታቸው እውነተኛ ነው፤ ሊቀለድበት አይገባም። የአንድ ቀን የሐኪም ጉብኝት ዋጋ ለብዙዎቻችን ከወርሃዊ መዋጮአችን እጅግ ይበልጣልና ዕድሩ የሁሉን ሕክምና ይክፈል ቢባል በዓመት ውስጥ ይዘጋል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የቀብሩ ገንዘብ አይነካ። ለቤት ሕክምና የሚሆን የተለየ ሂሳብ ይከፈት፤ የፈቀደ አባል ብቻ በየወሩ ጥቂት ይጨምርበት። ሁለተኛ፣ ከዚህ ሂሳብ የሚከፈለው ከአልጋ ሊነሱ ለማይችሉና ጧሪ ለሌላቸው አባላት ብቻ ይሁን፤ የቀረነው ከኪሳችን እንክፈል። በነፃ የሚያየውን የጤና ጣቢያውን የቤተሰብ ጤና ቡድን መጀመሪያ እንጠይቅ፤ መንግሥት የሚሰጠውን ትተን ገንዘብ አናባክን። ሦስተኛ፣ ሥራው ከመስፋፋቱ በፊት በጥቂት ቤቶች ለስድስት ወር ይሞከርና ሪፖርቱ ለጉባዔ ይቅረብ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ሰው «ይሄ ሁሉ ለምን?» ቢለኝ መልሴ አጭር ነው። ጥሩንባችን የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ጥሩንባው በተነፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ መቶ ሰው ይሰበሰባል፤ ድንኳን ይተከላል፣ ቡና ይፈላል። ያ ሰው ግን ከዚያ በፊት ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ተኝቶ ነበር፤ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው አጥቶ፣ ታክሲ የሚጫንበት አቅም አጥቶ። በለቅሶው ላይ «ምነው ቀደም ብለን በሰማን» የምንለው ስንት ጊዜ ነው? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ አንድ ቤተሰብ ለብቻው የማይችለውን እኛ ተባብረን የምንችለው መሆኑን አባቶቻችን በቀብር አሳይተውናል። በሕይወት እያለ ደግሞ ማሳየት የእኛ ፈንታ ነው።

ስለሆነም አባላት በጉባዔው ቀን ቀርታችሁ ከመወቀስ፣ መጥታችሁ ተከራክራችሁ እንድትወስኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ወጣቶቹም የአዛውንቶችን ጥያቄ በትዕግሥት እንዲመልሱ አደራ እላለሁ።

ለሁላችንም ፈጣሪ ጤናና ዕድሜ ይስጠን፤ የታመሙትን ይማርልን፤ ያለፉትንም ነፍሳቸውን ይማር።